የእትዬ ጌጤ ለቅሶ

ትርሲት አበጋዝ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም።

ለቅሶ መድረሱንስ ትደርሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ ከሴቶቹ መሀል ገብታ ትቀመጣለች፣ ንፍሮው ሲዞር ትዘግናለች። እንባ ሲመጣባት ግን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትወትፍና ድምጿን ውጣ ትቀራለች። የወለደቻት እናቷ የተቀበረች ዕለት እንኳ እንዲሁ ዝም ብላ ዋለች። ጎረቤቷ አሰገደች አፏን የማትይዝ ሴት ናት፤ "ይቺስ የእንጀራ እናቷን የቀበረች ነው የምትመስለው" ብላ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አንሾካሾከች። ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ ዓይነ ደረቅ ይላታል። ትርሲት ሰምታለች፤ ግን ምን ትበል?

ልብ አጥታ አይደለም። ውል ፈርማ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማዋ በቀጨማ ወንዝ ለሁለት ተከፍላለች፤ ወዲህ ጃንጥላን የመረጡ ይኖራሉ፣ ማዶ መሰላልን የመረጡ። ጃንጥላና መሰላል ድሮ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚታተሙ የፓርቲ ምልክቶች ነበሩ። ፓርቲዎቹ በምን ተጣልተው እንደነበር ዛሬ በትክክል የሚመልስ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ አንዱ የግብር ነገር ነው ይላል፣ ሌላው የመሬት። ሰው በፈለገበት መኖር ይችላል የሚለው ሕግ አልተሻረም፤ ማንም ማንንም ውጣ አይልም። ብቻ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የመራጭ ካርድ ምልክቱ ከተቀየረ አውቶቡሱ በሩን አይከፍትም፣ ዳቦ ቤቱ "አልቋል" ይላል፣ ክሊኒኩ ስም አይጠራም። ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ራሱ ሻንጣውን ይዞ ድልድዩን ይሻገራል። ይህችን ሳምንት "የመሻገሪያ ሳምንት" ይሏታል። በየአምስት ዓመቱ ምርጫው ሲያልቅ የድልድዩ መንገድ ስለሚጨናነቅ አሽከርካሪዎች ሌላ መንገድ እንዲይዙ አስቀድሞ ይነገራል።

በየሰው ጆሮ ውስጥ ምስር የምታክል ነገር አለች፤ ሹክታ ትባላለች። ጠዋት ዓይን ሲገለጥ መናገር ትጀምራለች፣ ባለቤቷ መስማት የሚወደውንም ጠንቅቃ ታውቃለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ከወንዙ ወዲህ ያለች ሹክታ ሁሉ ያንኑ ታሰማለች፤ "ከማዶ" የሚባል የስድስት ደቂቃ ዝግጅት። አውቶቡስ ውስጥ ወሬ ይቆማል። ምላጭ የያዘ ፀጉር ቆራጭ እጁን ያነሣል። "ከመሰላሎች ሰፈር የተጠለፈ እውነተኛ ድምፅ" ይባልና እትዬ ጌጤ ትመጣለች።

እትዬ ጌጤን የማያውቅ የለም። ማዶ በርበሬ የምትሸጥ የመሰላል ሴት ናት። በርበሬዋ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ትቀላቅላለች፣ ጎረቤቷን በሐሰት ታሳስራለች፣ የጃንጥላ ልጆች በውሃ ጥም እንዲያልቁ ስለት ትሳላለች። ስሟን ያስጠራው ግን ለቅሶዋ ነው። እጅ ከፍንጅ ስትያዝ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ አንጀት የሚያላውስ ለቅሶ። የያዟት ያዝኑላትና ይተዋታል። ፊታቸውን ሲያዞሩ ለቅሶዋን ታቆማለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ኪ ኪ ኪ ብላ ትስቃለች። አውቶቡሱ በሙሉ ያቺን ሳቅ ጠብቆ አብሯት ይስቃል። ከወንዙ ወዲህ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ "የጌጤን ለቅሶ አታልቅሽብኝ" ይባባላሉ። ስለ መሰላሎች ማንም የሚያውቀው ይኸንን ነው፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ለተወለደ ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጌጤ የምትባል ሴት የለችም። ጌጤ ትርሲት ናት።

ዘወትር ጠዋት "ከማዶ" የሚተላለፍበት ጣቢያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥታ፣ የማግስቱን ዝግጅት ለመቅዳት ጫማዋን አውልቃ ማይክሮፎኑ ፊት ትቆማለች። የንግግሯን ድምፅ ማሽኑ ይለውጠዋል፤ ያወፍረዋል፣ ያሻክረዋል። ለቅሶውን ግን ሊለውጠው አልቻለም። ሞክረውት ሰሚው ሁሉ "የማሽን ነው" ስላለ አዘጋጁ ዘርይሁን፣ "እትዬ ትርሲት፣ ለቅሶውን እንዳለ እንተወው። እርስዎ ብቻ ከዚህ ሌላ የትም አያልቅሱ" አላት። ውሉ ላይ ተጻፈ፣ ፈረመች። ሥራ ነው ብላ ነበር፤ ማን እውነት ነው ብሎ ያምናል ብላ ነበር።

ከጣቢያው ሰዎች ሌላ ይህን የሚያውቀው ባሏ ይልማ ብቻ ነው። ይልማ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሹክታውን ከጆሮው ያወጣና ጓሮ ወርዶ ጎመኑን ያጠጣል። አንድም ቀን ሥራሽን ተዪ አላላትም። ቢላት ኖሮ ይሻላት እንደነበር የገባት ዘግይቶ ነው።

ልጃቸው ናሁሰናይ ዐሥራ ስምንት ሞልቶት የመጀመሪያ ድምፁን በሰጠ ማግስት ካርዱ ላይ መሰላል ታትሞ ተገኘ። ትርሲት ቁርስ ላይ አይታው ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

"ምን ሆነህ ነው? ማን ነግሮህ ነው?"

"ማንም" አለ። "እማ፣ ያቺ እትዬ ጌጤ የምትሏት ሴትዮ አለች አይደል? ስታለቅስ ሁላችሁም ሳቁን ነው የምትጠብቁት። ለእኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ለቅሶዋ እውነት ነው የሚመስለኝ። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው ክፉ አይሆንም። ሄጄ ላያት እፈልጋለሁ።"

ትርሲት ጌጤ እኔ ነኝ ልትለው ብላ ተወችው። ውሉን ፈርታ ነው። አፍራም ነው። ሐቁ ይነገር ከተባለ ደግሞ ከፍርሃቱና ከሐፍረቱ ሥር ትንሽ ደስታ ነበረች፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለቅሶዋን ያመነላት ሰው እሱ ብቻ ነበርና። ያቺን ደስታ ዕድሜ ልኳን ራሷን ትረግምባታለች። ልጁ በአምስተኛው ቀን አንድ ሻንጣ ይዞ ሲሻገር የሸኘው አባቱ ነው፤ እሷ ሥራ ገብታ ነበር።

ወደ ማዶ በወር አንዴ ዐሥር ደቂቃ መደወል ይፈቀዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አወሩ፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለሚማረው ብየዳ፣ ስለ ጉንፋኑ። ከዚያ ልጁ ስልክ ማንሳት እያሳነሰ መጣ፣ በመጨረሻም ተወው። ይልማ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ትቶት የሄደውን ቡናማ ጫማ ቀለም መቀባት አልተወም።

አራተኛው ዓመት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ይልማ ጎመኑ መሀል ወድቆ ተገኘ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። የሞተው ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት ነበር።

እድርተኛው ወዲያው ተሰበሰበ፤ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ወጣ። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተቆረጠ። ትርሲት አላለቀሰችም። ዘርይሁን ደውሎ፣ "ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው እትዬ ትርሲት። ሦስት ቀን ይረፉ፤ ከድሮው ለቅሶ እናስገባለን" አለና፣ "ውሉን ግን አደራ" ብሎ ጨመረ።

እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ አባቱን ይቅበር። ለቀብር የሚሻገር ሰው የአንድ ቀን ፈቃድ ያገኛል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ሰውየው ራሱ ድልድዩ ላይ ቀርቦ ሲፈርም ነው። አባቱን ያለ ልጅ አፈር ማልበስ ሆዷ እንቢ አላት።

"ደውዪለት" አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተካልኝ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ብዙ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው። "ግን አደራ፣ ሞተ የሚባል ቃል በስልክ እንዳይወጣሽ። ልጁ ብቻውን ነው። አሞታል በይው። ሲመጣ እኛ ተሰብስበን ቀስ ብለን እናረዳዋለን።"

"እንዴታ! ልጁን በስልክ ልትገድዪው ነው?" አለች አሰገደች።

ጨዋ ሰው የሚያደርገው እንዲያ ነው። ትርሲትም ሌላ መንገድ አታውቅም። ዐሥር ሰዓት ላይ ደወለች። እግዜር ሲለው ልጁ አነሣ።

"ናሁዬ፣ እናትህ ነኝ። ደህና ነህ? አባትህ ትንሽ አሞታል፤ ብቅ ብለህ እየው።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አወቀችው። ከሦስት ዓመት በፊት ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ያነበበችው ነው፤ አንዲትም ፊደል አልተለወጠችም። ጌጤ ወደ ጃንጥላ የተሻገረ የእህቷን ልጅ እናቱን መስላ ደውላ፣ "አባትህ ትንሽ አሞታል፤ ብቅ ብለህ እየው" ብላ ታታልለዋለች። ያን ቀን ከተማው በሳቅ ፈርሶ ነበር። ግን ምን አማራጭ አላት? እናት ከዚህ ሌላ ምን ትላለች?

"አባ ራሱ ያናግረኝ" አለ ናሁሰናይ።

ትርሲት ጋሽ ተካልኝን አየቻቸው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው አሳዩዋት።

"ተኝቷል" አለች።

"ቀስቅሺው።"

"ሐኪሙ አይቀስቀስ ብሏል ልጄ።"

"እሺ። ነገ ሦስት ሰዓት ድልድዩ ላይ መስታወቱ ጋ እመጣለሁ። በመኪና አምጪው። ካየሁት እፈርማለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ተካልኝ "ጎሽ፣ ደህና አድርገሽ ያዝሽው" አሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት። ደግ ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ነበር።

በማግስቱ ትርሲት ለብቻዋ ሄደች። የድልድዩ መሀል ላይ ወፍራም መስታወት ያለው ጠባብ ክፍል አለ፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ወንበር፣ መሀሉ ላይ ድምፅ የሚያሳልፍ ወንፊት፣ ከወንፊቱ ሥር በሁለቱም ወገን የእጅ መደገፊያ። ናሁሰናይ ቀድሞ ደርሷል። ጢም አብቅሏል፣ የብየዳ እሳት የለበለበው እጁ መደገፊያው ላይ ተቀምጧል። ከእጁ አጠገብ የፈቃዱ ቅጽና እስክሪብቶ ተቀምጠዋል። ስታየው የአባቱ ትከሻ ሆነባት፤ መስታወቱን በመዳፏ ነካችው።

እሱ ከኋላዋ ያለውን ባዶ በር ነበር የሚያየው።

"አባስ?"

"ናሁዬ... አባትህ አረፈ።"

"መቼ?"

"ትላንት። ስድስት ሰዓት ላይ።"

"የደወልሽልኝ ዐሥር ሰዓት ነው። ተኝቷል አልሽኝ እኮ።"

"በስልክ ሞተ ልበልህ? ብቻህን ነህ፣ ምን ትሆንብኛለህ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹም አትንገሪው አሉኝ። እንዴት እንደሚደረግ ታውቅ የለም?"

"መጀመሪያ ትንሽ አሞታል። ቀጥሎ ተኝቷል። ዛሬ ደግሞ ሞቷል" አለ፤ አልጮኸም። "እማ፣ እዚህም እኮ ጠዋት ጠዋት የምንሰማት ሴትዮ አለች። የጃንጥላ እናት ናት። ለተሻገረ ልጇ ትደውላለች፤ አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ብቅ ብለህ እየው ትለዋለች። ልጁ አምኖ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አይመለስም። የተጠለፈ እውነተኛ ድምፅ ነው ይሉናል።"

ትርሲት ገባት። ማዶም አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ትቆማለች ማለት ነው።

"ፎቶውን ላሳይህ፤ ትላንት ድንኳን ውስጥ..."

ናሁሰናይ ፈገግ አለ። እሱ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ፎቶ ያመነ ሰው የለም።

"ልብሴን እየው! ከል ለብሼ!"

"ጥቁር ልብስ እኔም አለኝ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብረዋለን ናሁ! አባትህን! ጫማህን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም እየቀባ ያስቀመጠልህን አባትህን!"

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። እጁ ወደ እስክሪብቶው ሄደ፤ አነሣው። ትርሲት ይህን ስታይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ለቀቃት። ነጠላዋን ወደ አፏ ማምጣቱም ትዝ አላላት። ከሆዷ ወጣ፤ ይልማዬ፣ ይልማዬ እያለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ መጨረሻው ላይ እንደሚሰበር እንጨት ቀጭ እያለ።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

"ይህን ለቅሶ አውቀዋለሁ" አለ ናሁሰናይ።

ትርሲት አልካደችም። እውነቱን ብነግረው ያምነኛል ብላ ነበር። "እኔ ነኝ" አለችው። "ጌጤ እኔ ነኝ ልጄ። ሥራዬ ነበር። ያን ጊዜ ልነግርህ ነበር፤ ፈራሁ።"

ሲመልስላት ድምፁ ከአራት ዓመት በፊት የተሻገረው ልጅ ድምፅ ነበር።

"ሰፈር ለሰፈር ፈልጌያታለሁ። በርበሬ የሚሸጥ ሰው ባየሁ ቁጥር እትዬ ጌጤን ታውቋታላችሁ ወይ እያልኩ። እብድ ነው አሉኝ። እኔ እኮ እሷን ብዬ ነው ቤቴን የተውኩት።"

"ለቅሶው እውነት ነበር ናሁ። አያትህ የሞተች ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያ ነው ያለቀስኩት። አንተ የሄድክ ጊዜም። ለቅሶው ሁልጊዜ የእኔው ነው።"

"ሳቁስ?"

"ሳቁም የእኔ ነው" አለች።

ናሁሰናይ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስቀመጠው። ተነሣ። እስከ በሩ ድረስ የሄደው ግን ወደ ኋላው እየተራመደ ነው፤ ፊቱን ከሷ ሳያዞር፣ በእጁ ከኋላው በሩን እየዳሰሰ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገብቷታል። "አልስቅም! ልጄ ሙት አልስቅም!" ብላ መስታወቱን ደበደበች። በሩን አገኘው፣ ከፍቶ በጀርባው ወጣ። ቅጹ ሳይፈረም መደገፊያው ላይ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይልማ ተቀበረ። ሰው ብዙ ነበር፤ ፓምፕ ያልጠገነለት ቤት የለም። ዘርይሁንም መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ጋሽ ተካልኝ ስለ ልጁ ሲጠይቋት "አልመጣም" ብቻ አለቻቸው። ወሬው ግን ከአፍ አፍ ሲዞር ሰማችው፤ "አባቱን እንኳ አልቀብርም አለ፤ እንግዲህ መሰላል ማለት ይኸው ነው።" አሰገደች "አሁን አሁንማ ሰውም አይደሉም" አለች፤ ይህን ስትል ለትርሲት ማዘኗ ነበር።

የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሳጥኑን መታው። ትርሲት ነጠላዋን ወደ አፏ አልወሰደችም። ውሉ ትዝ አላት፣ ዘርይሁን ሲያያትም አየችው፤ ደንታም አልሰጣት። "ወየው ይልማዬ! ልጅህን ሳላመጣልህ!" ብላ ለቀቀችው።

ሴቶቹ ለመቀበል አፋቸውን ከፍተው ነበር። አንዷም አልተቀበለቻትም። አካፋው ቆመ። ለወትሮው ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ይይዟታል፣ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብሎ "በቃሽ፣ እግዜርን አታስቀይሚው" ይላታል። ማንም አልቀረበም። አሰገደች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ብቅ ብላ፣ "እማዬ፣ እትዬ ጌጤ!" አለች፤ እናቷ ቶሎ አፏን ያዘቻት። ጋሽ ተካልኝ ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሹክታቸውን ይነካካሉ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠፋቸው ይመስላሉ። ዘርይሁን መሬት መሬት ያያል።

ትርሲት ትንፋሽ ለመውሰድ ለአፍታ አቆመች። በዚያች አፍታ የሰዉን ሁሉ ፊት አየች። ይህን ፊት አውቶቡስ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ስታየው ኖራለች፤ አንገት ትንሽ ዘመም፣ ከንፈር ትንሽ ገርበብ። የይልማ ወንድሞች ሳይቀሩ፣ መቃብሩን ከብቦ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ሳቁን እየጠበቀ ነበር።

ስለዚህ እንደገና ጀመረች። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ አፈሩ ተመልሶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ሰዉ አንድ በአንድ፣ ፊቱን ሳያዞርባት፣ እየራቀ ሲሄድም አላቆመችም።